ጎርሶ የተኛ ጠመንጃ

ከእኔ ጋር የተጣላ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣልኝ ስም «ሁሉን አወቅ» የሚል ነው። ባለቤቴም ሲመርራት ትለኛለች። አልከራከርም፣ እውነት አላቸው። ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ ሰው ተሳስቶ ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ለእኔ ከጾም ይከብደኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን በደንብ በማውቀው ነገር፣ ያውም ማወቄ ለሰው ሕይወት በሚያስፈልግበት ቀን፣ አፌን ዘግቼ ስለተቀመጥኩባት ጥቂት ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ከውትድርና ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሠራዊቱ ውስጥ የቆየሁት መሣሪያ ጥገና ክፍል ስለነበር ከተኮስኩት ይልቅ የፈታሁትና የገጠምኩት ይበዛል። በአምሳ አለቃነት ማዕረግ ተሰናብቼ ወገዳ ከተማ ገባሁና ወፍጮ መጠገን ጀመርኩ። የአገሬ ሰው ግን ስሜን ትቶ «አምሳ አለቃ» እያለ መጥራቱን ቀጠለ። የወፍጮ ብልሽት ሊያስረዳኝ የመጣ ሁሉ ትከሻው ላይ ያለችውን ጠመንጃ አውርዶ «እስቲ ይችንም እያት» ይለኛል። እኔም እጄ ዘይት እንደነካ ንግግሬን እጀምራለሁ።

ንግግሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። አያቶቻችን የያዙት ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ተኩሰህ፣ በእጅህ ከፍተህ፣ ቀለሁን አውጥተህ፣ ሌላ ታጎርሰዋለህ። ከፍተኸው ጥይቷ ከወጣች ባዶ ነው፤ ሌላ የምትመጣበት ቦታ የለም። ቀጥሎ ምንሽር መጣና አምስት ያዘ፤ እሱንም ቢሆን ለእያንዳንዷ ጥይት በእጅ መክፈትና መዝጋት ነው። ክላሽ ሲመጣ ያንን የእጅ ሥራ የባሩዱ ጉልበት ተረከበው። አንዷ ስትተኮስ ጢሱ ከበርሜሉ በላይ ባለች ቱቦ ገብቶ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መዝጊያው ቀለሁን ይተፋና ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ይጎርሳል። ሠላሳ ጥይት፣ በተቆለመመች ካዝና። ብረቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ስላልተሠሩ አሸዋም ጭቃም ቢገባው ሥራውን አያቆምም። ይህን እያልኩ የመሣሪያውን ጎን ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ፤ የራሴ በሬ ይመስል።

ማሳረጊያዬ ደግሞ ምክር ነው። ክላሽን ባዶ ስታደርጉ መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ፣ ከዚያ አቀባብሉ። ተራውን ካገላበጣችሁት አንዷ ትወጣለች፣ በምትኳ ሌላ ትገባለች፤ ካዝናውን ብትነቅሉትም የገባችው እዚያው ናት። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ቁጥሩን አላውቅም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ሰው ገድሏል። ይህን መጻፍ አሁንም ይከብደኛል። ታደለ ከሚባል የጎረቤታችን ልጅ ጋር «ከብትህ ገብሴ ገባ» በሚል ተጣልተው በያዘው ዱላ አንዴ አናቱን መታው። ታደለ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሙሉቀን እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ እስሩንም ጨርሶ ወጣ። በእኛ አገር ግን የፍርድ ቤቱ ፍርድ ሌላ፣ የደም መድረቅ ሌላ ነው። የታደለ ወንድም ዋሴ «ቀዬውን የረገጠ ዕለት ከታደለ አጠገብ አስተኛዋለሁ» ብሎ ምሎ ነበር፤ ዋሴ ደግሞ ምሎ የሚረሳ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሙሉቀን መካነ ኢየሱስ ከተማ ሸክም እየተሸከመ ሲኖር እናታችን ልጇን ሳታይ ሞተች። ለቀብሯም አልመጣም።

ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ለማስታረቅ ሞክረው ነበር። ያ እርቅ የፈረሰው የእኛ ወገን የሆነ አንድ ዘመድ ከጋቢው ስር ሽጉጥ ይዞ በመገኘቱ ነው። ሰውየው «ለመንገድ ነው የያዝኩት» ብሎ ቢምልም ማን ይሰማዋል። የሁለተኛው ጉባኤ ቀን ሲቆረጥ የሟች ወገን አንድ ነገር አስረግጠው ተናገሩ፦ ከእንግዲህ ከገዳይ ወገን አንዲት የተደበቀች ጥይት ከተገኘች ሦስተኛ እርቅ የለም።

ቀኑ ጥር ውስጥ ነበር፤ ገብሱ ተወቅቶ ሰው ሁሉ እጁ የተፈታበት ጊዜ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ከአንድ ትልቅ ወይራ ስር ተሰበሰብን። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ መካከል ላይ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ አንድ መሪጌታ መስቀል ይዘው ተቀምጠዋል። የሁሉ የበላይ አያ ቢሻው ነበሩ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ለወዳጅም ለጠላትም አንድ ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የያዙት እርቅ ፈርሶ አያውቅም ይባላል።

የቀዬአችን የመሐላ ወግ ጠመንጃ መሻገር ነው። የገዳይ ቤት ጠመንጃ በሁለት ድንጋይ ላይ ይጋደማል። መጀመሪያ የሟች ወገን፣ ቀጥሎ ገዳዩ፣ በየተራ እየተሻገሩ «ይህን ነገር ዳግመኛ ባነሣ ይህ ጠመንጃ ይብላኝ» ይላሉ። ድሮ የሚሻገሩት የአባቴን ውጅግራ ነበር። እሱ ተሸጦ ቤታችን ክላሽ ከገባ ቆይቷል፤ በዚያ ቀን ያመጣነውም እሱን ነው።

የሁሉም መሣሪያ መሰብሰብ ሲጀመር ተነሥቼ ወደ አያ ቢሻው ቀረብኩ።

«አያ ቢሻው፣ ፈቃድዎ ከሆነ ባዶ የማድረጉን ሥራ እኔ ልያዘው። ሙያዬ ነው» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ የገዳይ ወንድም ነህ። ዛሬ ብረት አትነካም፤ ካልተጠየቅህም አትናገርም። ደግሞ እኔ ጠመንጃ ስታጠቅ አባትህም አላገባ። በል ተቀመጥ!»

ሰው ሳቀ። ዋሴ እንኳ ፈገግ አለ። እኔ ፊቴ እየጋለ ከአጎቴ ከፈንቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስለ ጠመንጃ ሲነገር ዝም እንድል የታዘዝኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው፣ ከበደኝ።

የሌሎቹን መሣሪያዎች ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ካዝና እየነቀሉ፣ እያቀባበሉ፣ ባዶነታቸውን እያሳዩ ወይራው ስር ደረደሯቸው። የመሐላውን መሣሪያ ግን ወጉ እንደሚያዘው አጎቴ ፈንቴ ከነካዝናው ለአያ ቢሻው አስረከባቸው። እሱን ሕዝብ ፊት ባዶ የሚያደርገው ታላቁ ሽማግሌ ነው።

አያ ቢሻው ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩት። ከዚያ በቀኝ ጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ብረት ወደ ታች አወረዱና ማቀባበያውን ሳቡት። አንዲት ጥይት ዘላ ሣሩ ላይ ወደቀች።

«ወጣች!» አለ ሕዝቡ።

አያ ቢሻው እጃቸውን ሲለቁት መዝጊያው ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ካዝናውን ነቅለው ለሁለቱም ወገን ያሳዩት። አፉ ላይ የቀሩት ጥይቶች ፀሐዩን ይዘው ያበራሉ። መሣሪያውን በሁለቱ ድንጋዮች ላይ አጋደሙት። መቆለፊያውን ወደ ላይ አልመለሱትም። አፈሙዙ ዳር ላይ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ዞሮ ነበር።

ሽማግሌው ክላሹን እንደ ውጅግራ ነበር የከፈቱት። ከፍተው፣ ጥይቷ ስትወጣ አይተው፣ ባዶ ነው ብለው አስተኙት። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ክላሽ ታጥቆ የሚያድር ነው፤ ግን ሁሉም ዓይኑ የወደቀችው ጥይት ላይ ስለነበር የቀደመውንና የተከተለውን ያስተዋለ አልነበረም።

ምናልባት ሁለተኛዋ ሳትገባ ቀርታ እንደሆነስ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ግን ይህን መሣሪያ አውቀዋለሁ። ጭቃ በልቶ የሚጎርስ መሣሪያ በጥር ፀሐይ፣ ተወልውሎ በመጣበት ቀን፣ ምን ሆኖ ይስታል? ዕድሜ ልኬን ያወደስኩት ነገሩ በዚያች ሰዓት አስጠላኝ።

ወደ አጎቴ ጠጋ አልኩ።

«አጎቴ፣ ጎርሷል።»

«ምኑ?»

«መሣሪያው። አንድ ጥይት ውስጡ ቀርቷል።»

«ስትወጣ በዓይናችን አየናት እኮ።»

«እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ካዝናውን ሳይነቅሉ ስለሳቡት ሌላ ገብታለች። መቆለፊያውም ክፍት ነው። ቃታውን የሆነ ነገር ቢነካው ይተኩሳል።»

ፈንቴ ፊቱ ተለወጠ። ክንዴን ጨብጦ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ «ዝም በል። የእኛ መሣሪያ ነው። ‘ጥይት አለበት’ የሚል ቃል ከአፍህ ይውጣና እየው፣ ‘ዛሬም ደብቀው መጡ’ ነው የሚሉን። ሙሉቀንን ነገ ነው የምንቀብረው። ማን ቃታ ይነካል? ተሻግረው ያልፋሉ፣ ያልቃል።»

ነገሩ እውነት ነበረው። ብናገር እርቁ ይፈርሳል፣ ወንድሜ ይሞታል። ዝም ብል ምናልባት፣ ምናልባት ምንም አይፈጠርም። ስለ ራሴ የምናገረው ሌላም እውነት አለ፤ ደስ አይልም፣ ግን ከጻፍኩ አይቀር። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ‘ብረት አትነካም አሉኝ አይደል፣ ይኸው አልነካሁም’ የሚል እልህ ከውስጤ አንዲት ጥግ ይዞ ነበር።

መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። ዋሴ ተጠራ። ረጅም ሰው ነው፤ በአንድ እርምጃ ጠመንጃውን ተሻገረና ድምፁ እየተቆራረጠ ማለ። የእግሩ ተረከዝ አንዱን ድንጋይ ነካው። ድንጋዩ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። እኔ ትንፋሼን የለቀቅኩት ዋሴ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የታደለ እናት እማ ትርንጎ ተነሡ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ያወለቁት የማይመስል ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። በከዘራቸው ተደግፈው ከጠመንጃው ፊት ቆሙ። አንድ እግራቸውን አሳለፉ። ሁለተኛውን ሲያነሡ የቀሚሳቸው ጫፍ ከመሣሪያው አንዱ ብረት ላይ ተያዘ። ማቀባበያው ይሁን ቃታው ከተቀመጥኩበት አይታየኝም። እማ ትርንጎ ቀሚሱን ሳብ አደረጉት፤ መሣሪያው በድንጋዮቹ ላይ ተንሸራተተ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም አልሆነም። ስገልጥ ቀሚሱ ተላቆ እማ ትርንጎ ማዶ ቆመው ይምሉ ነበር። አያ ቢሻው ጎንበስ ብለው መሣሪያውን አስተካከሉት። በልቤ ‘ተመስገን፣ አንድ ሰው ቀረ’ አልኩ። አንዱ የቀረው ወንድሜ ነበር።

ሙሉቀን እንደ ወጉ ጫማውን አውልቆ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። በስንት ዓመት መጀመሪያ የቀዬውን አፈር መርገጡ ነው። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። የሚረግጠውን በወጉ አያይም። ያ ድንጋይ ከማጅራቱ ሾልኮ መሣሪያው ላይ ሲወድቅ ገና ሳይወድቅ ታየኝ። አፈሙዙ ወደ ሴቶቹ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ሙሉቀን እግር ነው፤ ጥይቷ ደግሞ ያገኘችውን ነው።

«ቁም! ሙሉቀን፣ እንዳትንቀሳቀስ!» ብዬ ጮህኩ።

ፈንቴ ጋቢዬን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፤ ጋቢውን ትቼለት ሄድኩ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የገዳይ ወንድም ወደ ጠመንጃ ሲሮጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ዋሴ ወደ ወይራው ስር ዘሎ የራሱን አነሣ፤ ካዝናው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ስለነበር በሰደፉ ሊመታኝ መጣ። የመሐላውን መሣሪያ አንሥቼ አፈሙዙን ወደ ባዶው ማሳ መለስኩና ማቀባበያውን ሳብኩት። ጥይቷ ዘላ ከዋሴ እግር ሥር ወደቀች።

ዋሴ የዘረጋው ሰደፍ አየር ላይ ቀረ። ጥይቷን ተመለከታት። ከዚያ ድምፁ ሜዳውን ሞላው፦ «ይኸው! ዛሬም ደብቀው መጡ! አላልኳችሁም? ሊጨርሱን ነው የመጡት!»

የእሱ ወገን ወደ መሣሪያዎቹ ተንጋጋ። መሪጌታ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መካከል ገቡ፣ ግን ማንም አላያቸውም። ያቆመው የአያ ቢሻው ድምፅ ነው።

«ማንም አልደበቀ! እኔ ነኝ!»

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። የጠመጠሙትን ፎጣ ከራሳቸው አወረዱ። እንደዚያ ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ካዝናውን ሳልነቅል ሳብኩት። እኔ የማውቀው ጠመንጃ ስትወጣለት ባዶ ነው። ይኼ እንደዚያ አለመሆኑን ስንቴ ሰምቻለሁ፣ እጄ ግን የለመደውን ሠራ። ይህ ልጅ ላድርገው ሲለኝ አዋርጄ መለስኩት። ዛሬ ደም ልታደርቁ መጥታችሁ በእኔ እጅ ሌላ ደም ሊፈስ ነበር። ይቅር በሉኝ» ብለው በሁለቱ ወገን መካከል ተንበረከኩ።

«ኧረ አይገባም! ይነሡ!» የሚል ጩኸት ከሁለቱም በኩል ተነሣ። መጀመሪያ ደርሶ ያነሣቸው ዋሴ ነው። መሣሪያውን ጥሎ በብብታቸው ይዞ አቆማቸው። ያኔ እርቁ እንደማይፈርስ ገባኝ፤ መሣሪያውን አስቀምጬ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ከበበኝ። መሪጌታ ግንባሬን በመስቀል ባርከው «እግዜር ዓይን ሰጥቶሃል» አሉኝ። ሌላውም «ተባረክ፣ ስንት ሰው አዳንህ» አለኝ። እኔም ምርቃቱን አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

መሐላው እንደገና ይፈጸም ተባለ። ባዶ የማድረጉ ሥራም ለእኔ ተሰጠኝ፤ ካዝና ነቅዬ፣ ደግሜ ደጋግሜ አቀባብዬ፣ ውስጡን በጣቴ ነክቼ አስተኛሁት። ቀና ስል እማ ትርንጎ አጠገቤ ቆመዋል። ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ስሻገር ዓይንህን ለምን ጨፈንህ?»

ያን ጥያቄ ጮኽ ብለው ቢጠይቁ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደሚነሣ፣ ዋሴም እንደማይመለስ ያውቃሉ። አልጮኹም። መልሴን ጠበቁ፣ ከዚያ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብስበው ሁለተኛ ጊዜ ተሻገሩ። ሙሉቀንም ተሻገረ። ድንጋዩ ከማጅራቱ ወረደለት፣ ዋሴም ሳመው።

እርቁ ጸንቷል። ሙሉቀን ዛሬ የአባታችንን መሬት ያርሳል፤ አጨዳ ሲደርስ ከዋሴ ጋር በወንፈል ይሠራሉ። አያ ቢሻው ከዚያ ቀን በኋላ ሽምግልና አልያዙም፤ ባለፈው ክረምት አረፉ። ቀዬው ይህን ታሪክ የሚያወራው «አምሳ አለቃ ሰው ያዳነ ዕለት» እያለ ነው። ያልነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ነበርኩ ይላሉ።

እናንተ አንባቢዎቼ ይህን ስታነቡ ‘ይሉኝታ ነው ያሠረው፣ ሽማግሌ አይታረምም ብሎ ነው’ ትሉልኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ግን አያስተኛኝም። እርቁ ይፈርሳል ብዬ ከሆነ ዝም ያልኩት፣ ወንድሜ ሲመጣስ ለምን ጮህኩ? ያን ጊዜም ይፈርስ ነበር። ዋሴ ሲሻገር ትንፋሼን ያዝኩ፣ ለእማ ትርንጎ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ለወንድሜ ግን ድምፅ አወጣሁ። ማንን ምን ያህል እንደምመዝን በዚያች ቀን አወቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ ራሴን እንደ ደህና ሰው ቆጥሬ አላውቅም። ስለ መሣሪያ ማውራቱንም ቀንሻለሁ። የሚያሳየኝ ሲመጣ ካዝናውን አስነቅለዋለሁ፣ አቀባብሎ ያሳየኛል፣ ወደ ወፍጮዬ እመለሳለሁ። የሚሳሳት ሰው ካየሁ ደግሞ ሽማግሌም ቢሆን፣ ጉባኤም ቢሆን፣ እዚያው እናገራለሁ። በዚህ የተቀየሙኝ ብዙ ናቸው።

አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ይቅር ለእግዚአብሔር በሚባባልበት ቀን፣ ከወገዳ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ እማ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አጎቴን፣ እልሄን፣ ጨፍኜ የቆየሁበትን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና ባቄላቸውን ወደ ጎን አደረጉት።

«ሙሉቀንን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ከልቤ ነው» አሉ። «እሱ ተናዶ ነበር፣ እጁ ቀደመው። አንተ ግን ቁጭ ብለህ እያሰብህ ነበር።»

ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«አልረግምህም። ግን ገና ነኝ፣ ልጄ። ገና ነኝ» አሉኝ።

ዘንድሮም ጾሙ ሲገባ እሄዳለሁ።